የወደቀው ዲስክ ሸክም

የደምሰው ታላቅ ወንድም ተቀይሞ ከቤት ከወጣ ወዲህ የታመመች እናታቸውን የምታስታምመው እህታቸው ብቻ ነበረች። ደምሰው አንድ ቀን መምህሩን፣ «ወንድሜ ቢሄድም ቤታችን እንደ ድሮው ነው፤ እናቴም ምንም አልጎደለባትም። ታዲያ ከእሱ ጋር መታረቁ ለምን ያስቸኩላል?» ብሎ ጠየቃቸው። መምህሩም እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው በአንዲት ከተማ የሽማግሌዎችን፣ የአልቃሾችንና የበገና ደርዳሪዎችን ድምፅ ቀርጾ ማኖር ነው። ድምፁ ሁሉ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሦስት ዲስኮች ላይ ተከፋፍሎ ይቀመጥ ነበር። ዲስኮቹ የተሳሰሩት አንዱ ተበላሽቶ ቢወድቅ ሁለቱ ከየድርሻቸው አስልተው የእሱን እንዲመልሱ ተደርጎ ነው።

በክረምቱ መግቢያ ከሦስቱ አንዱ ሞተ። ኮምፒውተሩም ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሰውየው ደንግጦ አንዱን ቀረጻ ከፈተ፤ ተሰማ። ሌላውንም ከፈተ፤ ተሰማ። ልቡ መለስ አለ። አብራው የምትሠራው ሴት ግን ነገሩ አላማራትም።

«ሁለቱ የሦስት ሸክም ይዘው ነው የቆሙት» አለችው። «ከሞተውም ጋር በዕድሜ እኩያ ናቸው። ሌላ ነገር ከመንካትህ በፊት በውስጣቸው ያለውን ድምፅ ወደ ሌላ ቦታ ቅዳ።»

«እየሠራ አይደል እንዴ?» አላት።

ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። አንዲት መበለት በየጊዜው እየመጣች የሟች ባሏን በገና ትሰማለች፤ ሰምታ ስታበቃ ሰውየውን መርቃው ትሄዳለች። እሷ በሰማች ቁጥር እሱ ምንም እንዳልጎደለ ይበልጥ ያምን ነበር።

ኋላ አለቃው ሊጎበኝ ነው ሲባል ሰውየው ማስጠንቀቂያው እንዳይታይበት አፈረ። አዲስ ዲስክ አስገባና፣ ቅጂ ሳያወጣ፣ የሞተውን ድርሻ መልሶ እንዲሞላ ኮምፒውተሩን አዘዘው። ያ እንዲሆን ሁለቱ ዲስኮች የያዙትን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር እያነበቡ መስጠት ነበረባቸው። ክረምቱን ሙሉ የደከሙ ናቸው። ሥራው ግማሽ ሳይደርስ አንደኛው ቋ ቋ ማለት ጀመረ፤ ቀጥሎም ዝም አለ። የተረፈው አንድ ዲስክ ደግሞ ብቻውን የሁለቱን መመለስ አይችልም።

አብራው የምትሠራው ሴት አልወቀሰችውም። ከጎኑ ተቀመጠችና፣ ሁለቱም አንዳች አዲስ ነገር ሳይጽፉበት፣ ዝም ያለውን ዲስክ በግድ እየቀሰቀሱ የሚነበበውን ብቻ ቆንጥረው አወጡ። ጥቂቱ ተረፈ፤ ብዙው ቀረ።

መበለቲቱ እንደ ልማዷ መጣች። ሰውየው የተረፈውን ከፈተላት። በገናው ሲቃኝ ተሰማ። ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። መበለቲቱ ጥቂት ጠበቀች።

«ሊጀምር ነበር» አለች።

ዳግመኛም ወደዚያ ቤት አልመጣችም።

ይህን ብለው መምህሩ ወደ ደምሰው ዞሩ።

«ልጄ፣ ቤትህ ያ ኮምፒውተር ነው። እናትህ ያልጎደለባት እህትህ የወንድምህን ድርሻ ደርባ ስለ ያዘች ነው። አንተ ያልጎደለውን አየህ፤ የተሸከመችውን ግን አላየህም። እርቁስ ይሁን። ነገር ግን እህትህን እንዲህ በደከመችበት ጊዜ ሽማግሌ ጥሪ፣ ወንድምሽን ለምኚ፣ ድግስ ደግሺ ብለህ ብትጨምርባት ያን ጊዜ ትወድቃለች። ስለዚህ ዛሬ ቤት ስትገባ የወንድምህን ነገር አታንሳ። እናትህን ማስታመሙን ከእህትህ እጅ ተቀበል፤ እሷ ትተኛ።»