የእመት ቡላ ቤዛ

ተረት ተረት ስላችሁ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ያንቀላፋውን ከጎኑ ያለው ይጎንትለው።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳትም ዕቃም አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ አያ ዳልቻ የሚባል አህያ ነበር። ሚስቱ እመት ቡላ ትባላለች። ሁለቱም ጨው ሲጭኑ ኖረው አብረው አርጅተዋል። እሷ ፊት ፊት እየሄደች ትነጫነጫለች፣ እሱ ጆሮውን ጥሎ ይከተላታል። ፍቅራቸው እንዲህ ነበር።

አንድ ቀን አያ ጅቦ እመት ቡላን ወንዝ ዳር ያዛት። እግሯን በቆዳ ጠፍር አሰረና ባሏን አስጠራው።

"የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ሰምተሃል፤ እኔ ግን ደግ ነኝ። ማስለቀቂያ አምጣና ሚስትህን ውሰድ" አለው።

አያ ዳልቻ አጥንት ለቃቅሞ አመጣ። አያ ጅቦ ቆረጣጠመና፣ "ይህማ እሷን ላየህበት ነው። ነገ ጨምር" አለው።

በማግስቱ የበሬ ቁርበት እየጎተተ መጣ። አያ ጅቦ ከነፀጉሩ ሰለቀጠው። "ይህ ደግሞ ሳልበላት ላሳደርኩበት ነው። ነገ የረባ ነገር ካላመጣህ ቁርሴ ናት።"

"ተወኝ በቃ" አለች እመት ቡላ። "ይሄ የሚጠግብ መስሎሃል?"

"አንቺን ትቼ ማን ይነጫነጭብኛል?" አላት።

በሦስተኛው ቀን ለእርጅናቸው ያስቀመጧትን አሞሌ ጨው ይዞ መጣ። "አያ ጅቦ፣ ያለችኝ ይህችው ናት፤ ካልበቃችህ እኔ ቤዛ ልሁናት። እኔን ብላና እሷን ልቀቃት።"

አያ ጅቦ ሳቀ። "ሁለታችሁንም ብበላስ ማን ይከሰኛል?"

አያ ዳልቻ የታሰረችበትን ጠፍር አየ። ከነፀጉሩ የተሰለቀጠው የትናንቱ ቁርበትም ትዝ አለው። "እንግዲያው ከመሞቷ በፊት ጨው ትላስ፤ ነፍሷ ነው" አለ።

"ትላስ፤ ሥጋዋም ይጣፍጣል።"

አያ ዳልቻ አሞሌውን ጠፍሩ ላይ አሸት አሸት አደረገ። እመት ቡላም ነገሩ ገባትና ጠፍሩን እየላሰች አራሰችው። የቆዳው ሽታ አካባቢውን ሞላው። አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ።

"ጫፉን ብቻ ልቅመስ" አለ።

"ተው አያ ጅቦ" አለው ጠፍሩ፣ "እኔ ካለቅሁ ምርኮህም የለችም።"

ጫፉን በላ። "መሃሉን ብቻ።"

"ተው ብዬሃለሁ።"

መሃሉን በላ። "ቋጠሮዋን ብቻ።"

ጠፍሩ "ተ..." ሲል ከነቃሉ ዋጠው።

እመት ቡላ በኋላ እግሮቿ መንጋጋው ላይ እርግጫ አቀመሰችው፤ ከባሏም ጋር ሽምጥ ጋለቡ። አያ ጅቦ ሊያሳድዳቸው ተነሳ። ጠፍሩ ግን ከሆዱ ውስጥ፣ "ወዴት ነው? ዛሬ የታሰርከው አንተ ነህ" ብሎ አንጀቱን ቆላልፎ አስቀመጠው።

"አሞሌያችንን እዚያው ጥለኸው መጣህ አይደል?" አለች እመት ቡላ መንገድ ላይ። እስከ ቤታቸውም ስትነጫነጭ ሄደች። አያ ዳልቻ ጆሮውን ጥሎ ተከተላት፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ለያዥ በከፈሉት ቁጥር ሆዱ ይሰፋል እንጂ እጁ አይፈታም። የኔ ተረት እዚህ ያራግፋል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚል ቢገጥማችሁ ግን፣ እመት ቡላን ጠይቅ በሉት።