የወይዘሮ ማንጠግቦሽ የዓሣ አምሮት

ተረቴ መንገድ ዳር ነው፤ ያልቸኮለ ቁጭ ብሎ ይስማኝ።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የሚባሉ አሮጊት ሁለት ወር ታመው ተነሡ። ሕመሙ ሲለቃቸው ግን የምግብ ፍላጎታቸውን ይዞት ሄደ። ልጃቸው ትርሲት ገንፎ ብታገነፋ፣ ሾርባ ብትሠራ፣ አንድ ማንኪያ ቀምሰው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሐኪሙም «ካልበሉ መድኃኒቱ ብቻውን አያድናቸውም» ብሏል። አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ሲመለሱ፣ መኪናዋ በሐይቁ ዳር ስታልፍ፣ «ትርሲትዬ፣ ዓሣ አማረኝ» አሉ። ትርሲት ፍሬኑን ረገጠችው።

የቆሙት ስሙ በአገሩ ከታወቀ ዓሣ ቤት ፊት ነው። ቤቱ አሮጌ አውቶቡስ ነው፤ ባለቤቷ ጫልቱ ከግንባሩ እስከ ጅራቱ ዓሣ አስመስላ አስቀብታዋለች። በሩ አፍ ነው። ሕፃናት በጥርሶቹ መሃል እየተሳሳቁ ይገባሉ፤ ትልልቁ ሰው ቆሮሶ ለሚባለው ዓሣ ጥብሷና ለሚያቃጥለው ዳጣዋ ሲል ከሩቅ ይመጣል።

«የትናንቱ ዓሣ ታጥቧል፣ ዘይቱም አለ፣ እማማ» አለች ጫልቱ። «ዝናቡ እንጨቴን አራሰብኝ እንጂ። ደረቁን በጋሪ አመጣለሁ ያለኝ ሰውዬ ደግሞ እስካሁን የለም። እንጨት ካልመጣ እሳት አይነድ፣ እሳት ካልነደደ ዓሣ አይጠበስ።»

«ሌላ ቤት እንሂድ፣ እማዬ» አለች ትርሲት።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አምሮታቸው እንዳይሸሽባቸው ፈሩ። «ያማረኝ የዚህ ቤቱ ነው። ይልቅ ደግፊኝ» አሉና በልጃቸው ክንድ ተንጠልጥለው ጋሪውን ፍለጋ ሄዱ።

ጋሪው መታጠፊያው ላይ ቆሟል። ባለጋሪው አቶ ቡልቻ አህያዋን ይለማመጣሉ። «እንቢ አለችኝ፣ እትዬ። ያንን አባ ኮዳ አዩት? ባለፈው አፍንጫዋን ነክሷት እሱ በቆመበት አታልፍም። አህያ ካልሄደች እንጨት አይመጣ፣ እንጨት ካልመጣ እሳት አይነድ፣ እሳት ካልነደደ ዓሣ አይጠበስ።»

መላጣው ትልቅ ወፍ አባ ኮዳ መንገዱ መሃል ተገትሮ ቆሟል። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን አራገቡበት፤ አንድ እርምጃ ሸሸና ሁለት እርምጃ ተመለሰ። «የዓሣ አንጀት ለምዶ ነው» አሉ አቶ ቡልቻ። «ሁንዴ የሚባለው ዓሣ አጥማጅ በየቀኑ ይጥልለት ነበር። አንጀት ካልተጣለ አባ ኮዳ አይነሣ፣ አባ ኮዳ ካልተነሣ አህያ አትሄድ፣ አህያ ካልሄደች እንጨት አይመጣ፣ እንጨት ካልመጣ እሳት አይነድ፣ እሳት ካልነደደ ዓሣ አይጠበስ።»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ወደ ሐይቁ ወረዱ። አሁን የልጃቸውን ክንድ ለቀዋል። ሁንዴ የዓሣ ክምር አጠገብ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

«ምነው ልጄ፣ ዓሣውን አትቀደውም?»

«ቢላዬን አላነሣም። ሌሊቱን ሙሉ መረብ ስጎትት አድሬ ጠዋት ባመጣላት፣ ጫልቱ በሰው ፊት ‹ይሄ ዓሣ ነው ወይስ የዓሣ ጥላ?› ብላ አሳቀችብኝ። ይቅርታ ካልጠየቀችኝ አልሠራም።»

«አይፈረድብህም» አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ። ዳገቱን ብቻቸውን ወጡት፤ ትርሲት ከኋላ ከኋላ ሮጠች። ጫልቱ ፊት ቆመው በአንድ ትንፋሽ እንዲህ አሉ፦ «ስሚ ልጄ፤ ይቅርታ ካልተባለ ቢላ አይነሣ፣ ቢላ ካልተነሣ አንጀት አይጣል፣ አንጀት ካልተጣለ አባ ኮዳ አይነሣ፣ አባ ኮዳ ካልተነሣ አህያ አትሄድ፣ አህያ ካልሄደች እንጨት አይመጣ፣ እንጨት ካልመጣ እሳት አይነድ፣ እሳት ካልነደደ እኔ እዚሁ በረሃብ ልሞት ነው።»

ከታመሙ ወዲህ ጠፍቶ የነበረው ረሃብ የሚለው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ትርሲት አፏን በእጇ ያዘች።

ጫልቱ አቀረቀረች። «ለቀልድ ያልኩት ነበር» አለች። ሽርጧን ፈትታ ወደ ሐይቁ ወረደች፤ ዓሣ ሲጠብቁ የነበሩት እንግዶችም ተከተሏት። በዚያው ሁሉ ሰው ፊት፣ «ሁንዴ፣ አጥፍቻለሁ። የዚህ ቤት ስም የተነሣው ባንተ መረብ ነው። ይቅር በለኝ» አለችው። ሁንዴ ሐይቁን አየ፣ እሷን አየ። «ይቅር ለእግዜር» አለ።

ይቅርታው ሲባል ቢላው ተነሣ፤ ቢላው ሲነሣ አንጀቱ ተጣለ፤ አንጀቱ ሲጣል አባ ኮዳ ክንፉን ዘርግቶ መንገዱን ለቀቀ፤ አባ ኮዳ ሲለቅ አህያዋ ጆሮዋን አቁማ ገሠገሠች፤ አህያዋ ስትደርስ እንጨቱ ወረደ፤ እንጨቱ ሲወርድ እሳቱ ነደደ፤ እሳቱ ሲነድ ዘይቱ ተንጫጫ፤ ዓሣውም ወርቅ መስሎ ወጣ።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አንዱን ቆሮሶ በዳጣ እያጠቀሱ ጨረሱት። ሁለተኛውን ጀመሩ። ከዚያ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ፤ ጉንጯ ጎድጉዷል። እሳቸው ሳህን በመለሱ ቁጥር እሷም ሳትበላ ታነሣ ነበርና። ትልቁን ሥጋ ከእሾህ ለይተው ጠቀለሉ።

«አፍሽን ክፈቺ» አሏት።

ትርሲት እንባዋ እየወረደ ጎረሰች። እናትየው ሁለተኛውን ጠቀለሉ፣ ሦስተኛውንም።

ተረቴም ጠገበ፤ አፌም ዐረፈ።