ቀዳዳ ደፋኙ ከርከሮ

ተረቴን ስሙኝ፤ ማመኑን ግን ተዉት። እንደማታምኑኝ በሞተው በሬዬ እምላለሁ!

አራዊት ሁሉ በደቦ አንድ የጭቃ አጥር ሠሩ፤ ከቁመቱ የተነሳ ደመና እየታከከበት ያልፍ ነበር። ጅብ እንዳይገባባቸውም “ቀዳዳ ያየ ይድፈን፤ ማንንም አይጠይቅ” ብለው ደነገጉ። በትጋት ከርከሮን የሚያህል አልተገኘም። በአንድ ጀምበር ሺህ ቀዳዳ ደፍኖ፣ ጭቃው ካፍንጫው ሳይደርቅ ለሌላ ሺህ ይነሳል።

አንድ ቀን ካጥሩ ላይ የሚደፈን አለቀበት። ሲዞር ሲዞር ከአይጥ ደጅ ደረሰ። እሷ እህል ልትለቅም ወጥታለች፤ ሰባት ልጆቿ ውስጥ ተኝተዋል። ጉድጓዷን ሲያይ “ወይ ጉድ፣ ይሄ እንዴት አመለጠኝ!” ብሎ በጭቃ ጠቀጠቀው፤ እንዳይሰነጠቅም ተኛበት።

አይጥ ስትመለስ ደጇ የለም። በጥፍሯ ቆፍራ ስትደርስ ሰባቱም ትንፋሽ አልነበራቸውም።

“አያ ከርከሮ፣ ይሄ እኮ አጥር አይደለም፣ ቤቴ ነው! ምናለ ‘ቤቶች’ ብትል?” አለችው እያለቀሰች።

“እመት አይጥ፣ ለደግ ብዬ ነው እኮ! ደግሞስ ሕጉ ‘ማንንም አይጠይቅ’ አይደል የሚለው?”

አራዊት ለፍርድ ተሰበሰቡ። ዳኛው ጎሽ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ “ከርከሮ ሕግ አክባሪ ነው፤ ይመስገን” አለ። ሁሉም አጨበጨበ። አይጥ ብቻ ልጆቿን እንደታቀፈች ቀረች።

ይሄኔ ከኋላ የቆመችው አህያ ድንገት ቃል አመለጣት፦

“እኔስ ከዛሬ ወዲያ አፌን ከፍቼ አልተኛም!”