በር የሌለው አጥር

አንድ ገበሬ ነበረ። ከወንዝ ዳር እስከ ገደል ግርጌ የተዘረጋ፣ ቃሪያና ሽንኩርት የሚያበቅል ለም መሬት ነበረው። የወንዙ ማዶ ሰዎች ወደ ገበያም ሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ በዚህ መሬት ያቋርጡ ነበር፤ ገደሉን ዞሬ ልሂድ ያለ ሰው መንገድ ላይ ይመሽበታል።

ሰዎቹ ችግኙን እየረገጡ ቢያስቸግሩት ገበሬው መሬቱን በእሾህ አጠረ። ቀድደው ገቡ። አጥሩን ደረበ፣ ውሻም አሰረ፤ ውሻው የማይደርስበትን ቦታ ፈልገው ገቡ። ይባስ ብሎ አንድ አሻጋሪ ተነሣና እህል ለሰፈረለት ሁሉ አጥሩን በቆንጨራ እየከፈተ ያሳልፍ ጀመር። በዚያው ቀዳዳ ገበያተኛውም ያልፋል፣ የከብት ሌባውም ያልፋል። ጠዋት ጠዋት ገበሬው የሚያየው የተደበላለቀ ዱካ ብቻ ነው፤ ማን ለምን እንደገባ መለየት አቃተው። በሬው የተሰረቀበት ቀን ግን ንዴቱ ጠናና ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ በቅጠል ሸፈነው።

በማግሥቱ ጩኸት ሰማ። «ያዝኩት!» እያለ ዱላውን ይዞ ሮጠ። ጉድጓዱ ውስጥ ያገኘው ትኩሳት የሚያንገበግበውን ሕፃን ያቀፈች ሴት ነበር። ስትወድቅ ልጇን ከፍ አድርጋ ስለያዘች እሱ አልተጎዳም፤ የእሷ እግር ግን ተሰብሯል።

«በሰው አጥር መግባት ነውር መሆኑን አታውቂም?» አላት።

«አውቃለሁ ወንድሜ። በየት በኩል ልምጣ? ንገረኝና በዚያ እመጣለሁ።»

ገበሬው አጥሩን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ቃኘ። የሚያሳያት መግቢያ አልነበረውም። ዱላውን ጣለና አወጣት፤ ጎረቤት ጠርቶም በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሳት። ሕፃኑ ዳነ፣ እግሯም ውሎ አድሮ ተጠገነ።

ገበሬው እንደተመለሰ ጉድጓዱን ደፈነ። ከዚያም ከቤቱ ደጃፍ ፊት ለፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የገዛ አጥሩን በገዛ መጥረቢያው ቆረጠ። አንድ መደብ ቃሪያ ነቅሎ መንገድ አወጣ፤ በርም ሠራ። «ማለፍ የፈለገ ስሙንና መንደሩን ነግሮኝ በዚህ ይለፍ። መንጋ የሚነዳ አያልፍም። በሌላ በኩል የገባ ይያዛል» ብሎ አስነገረ። ውሻውንም ወደ ሩቁ ጥግ ወሰደው።

ጎረቤቶቹ ሳቁበት። ከነፍየሎቹ ከበሩ የተመለሰ አንድ ሰውም እየተሳደበ ሄደ፤ ገበሬው ግን ቃሉን አላጠፈም። ቀስ በቀስ ሰው ሁሉ በሩን ለመደ። አሻጋሪውን የሚፈልገው መደበቅ የሚሻ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን በበሩ የምታልፍ ባልቴት ቆም ብላ፣ «ያ አሻጋሪ ሌቦች ሊያስገባብህ ነው፤ ነገ ሌሊት ሩቁን ጥግ ጠብቅ» አለችው። ጠበቀ። አሻጋሪውም ሌቦቹም ቆንጨራቸውን እንደያዙ ተያዙ።

ከዚያ ወዲህ ገበሬው እፎይ ብሎ አረሰ። ከበሩ አጠገብ ሽንኩርቱን እየኮተኮተ አላፊውን በስሙ ይጠራል፣ የልጆቹን ደኅንነት ይጠይቃል።

ይህን ተረት የተናገሩት መምህር ምክር ሊጠይቃቸው ወደ መጣው የወሰን ጠባቂዎች አዛዥ ዘወር አሉ። «ልጄ፣ ‹በጫካ እየሾለከ ወሰን የሚያቋርጠውን ሰው እንዴት እናስቁመው?› ብለህ ጠየቅኸኝ። ገበሬው አንተ ነህ፤ መሬቱም አገርህ። አጥርህን አፍርስ አላልኩህም፤ ገበሬውም አላፈረሰውም። ነገር ግን ልጇን ልታሳክም የመጣችው እናት በሌባው ቀዳዳ ከገባች፣ ሁለቱን የምትለይበት ዓይን ከየት ታመጣለህ? እሷን በግልጽ መንገድ አሳልፋት፤ ጠባቂዎችህ ለሌባው ይተርፋሉ። እናም ነገ ከጠባቂዎችህ አንዱ ጫካ ውስጥ አንዲት እናት ይዞ፣ እሷም ‹በየት በኩል ልምጣ?› ብትለው፣ የሚመልስላት ነገር ይኑረው።»