ቅቤ የማያሟሟት ቁራጭ

ትናንት በደኅና የተራመደ ጉልበት ዛሬ ስለ ምን ይቆለፋል?

አንዲት እናት ይህን ጥያቄ ይዛ ሰነበተች፤ መልስ ግን አጣችለት። ልንገረው የሚባለው ልጇ የልስን ሠራተኛ ነው፤ እንጀራው ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ነው። ከባጃጅ ወድቆ ጉልበቱ ከተጎዳ ወዲህ አንዳንዴ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ደግሞ መሀል መንገድ ላይ ድርቅ ይልበታል፤ አይታጠፍ፣ አይዘረጋ።

ምን ታድርግ? ሁላችንም የምናደርገውን አደረገች። ወጌሻ ጠራች። ወጌሻው በለጋ ቅቤ አሸው፣ ጎተተው፤ ጉልበቱ ቋ አለና ተዘረጋ። እልል አለች! ልጁም ተነሥቶ ሄደ። ሳምንት ሳይሞላ ደረጃ ላይ ያው ሆነ። ደግማ ጠራች። ደግሞ ታሸ። ደግሞ እልል። ደግሞ ያው።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሟ ምርመራውን አየችና፣ "እማማ፣ ሲወድቅ በአጥንቱ ጫፍ ካለው ልም አጥንት ትንሽ ቁራጭ ተላቅቃለች" አለቻት። "ጉልበቱ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ትንሳፈፋለች። ዳር ስትይዝ ይራመዳል፤ አጥንቶቹ መካከል ስትገባ ይቆለፋል።"

"ወጌሻው እኮ አድኖት ነበር!"

"ቦታ አስለወጣት እንጂ አላወጣትም።"

"በቅቤ አትሟሟም?"

"በቅቤ ብትሟሟማ እኔም ቅቤ ነጋዴ እሆን ነበር፣ እማማ። እንዲያውም ከፈሳሹ እየተመገበች ልታድግ ትችላለች። በትንሽ ቀዳዳ ገብተን እናውጣት።"

"እኔ በሕይወት ቆሜ ልጄን ቢላ አይነካውም!" አለችና ክንዱን ይዛ ወጣች።

ፈረዳችሁባት? እኔ አልፈርድባትም። የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ሲያስነጥሳቸው እንኳ እንቅልፍ የለኝም። ነገር ግን ልጆቼ፣ ፍርሃት መድኃኒት አይደለም።

እስቲ ቤታችሁን እዩ። ውርስ የተካፈላችሁ ቀን በወንድማችሁ ላይ የወረወራችኋት ቃል የት ደረሰች? ሽማግሌ ገባ፤ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ተባባላችሁ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳማችሁ፤ እልል ተባለ። በደሉን ግን በስሙ የጠራው አለ? ማንም! ታሸ እንጂ አልወጣም። ለዚህ ነው ሠርግ ቤት አብራችሁ ስትሳሳቁ ቆይታችሁ፣ በአንዲት ነገር ድርቅ የምትሉት።

ያቺ ቁራጭ ከጠላት አልመጣችም። ከገዛ ሥጋችሁ የተላቀቀች ናት። ዝም ስትሏት ትመገባለች፤ ትመገብና ታድጋለች። "እንዲህ ብዬህ ነበር፤ በድዬሃለሁ" ብላችሁ አውጧት። ያማል፤ አዎ፣ ያማል። ግን አውጧት፤ ትራመዳላችሁ!

ያቺ እናትስ? አንድ ቀን ጠዋት ልጇ ከፊቷ ተቀመጠ።

"እማዬ፣ ሐኪሟ ጋ ቀጠሮ አስይዣለሁ። የሚያወጡልኝ ዛሬ ነው።"

"ትንሽ ቆይ እንጂ ልጄ፤ ወጌሻው ደግሞ ይየው…"

"ርብራብ ጫፍ ላይ ቆሜ ቢቆለፍብኝስ?"

እናቱ ጎንበስ አለች። ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት ሳያስረው የቀረውን ጫማ አሰረችለት፤ እንዳይፈታበትም ቋጠሮውን ደግማ አጠበቀችው።

ልጁ ግንባሯን ሳማትና ወደ ሐኪም ቤት ወጣ።