እንኮዬና የገለባ ሆዷ

አንድ ጊዜ፣ የጤፉ አጨዳ አልቆ ውቂያው በተጀመረበት ሰሞን፣ እንኮዬ ለምትባል አህያ የባሏ መርዶ ደረሳት። ባሏ ዳለቻ በመስከረም ወር ሆራ ወደሚባለው ጨዋማ ምንጭ ሲወርድ ደራሽ ውሃ ወስዶት ነበር። ያዩት እንስሳት ወዲያው ቁራን ወደ ሚስቱ ላኩት። ቁራ ግን እንደ ልማዱ መንገድ ላይ ጥንብ አገኘና እዚያው ቀረ። ስለዚህ መርዶውን ያመጣችው ኤሊ ናት፤ እሷም በእግሯ ልክ ተጉዛ ስትደርስ የዳለቻ አርባ አልፎ ነበር።

ኤሊ ነገሩን በቀጥታ አልተናገረችም። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ አወራች፣ ቀጥላ ስለ መንገዱ ርቀት፣ ከዚያ ዝም አለችና አንገቷን ወደ ውስጥ ሰበሰበች። እንኮዬ ከዝምታው ተረዳች። ከሞቱ እኩል ያንገበገባት፣ እሱ ከሞተ በኋላ አርባ ቀን ሙሉ ይመጣል ብላ መንገዱን ስታይ መክረሟ ነው።

ሐዘን መጀመሪያ አፏን ዘጋው። ሁለት ሳምንት ከውሃ በቀር ምንም አልቀመሰችም። በኋላ ረሃቡ ሲመለስ ደግሞ ለምለም ሣር ፍለጋ የምትሄድበት ጉልበትም ልብም አልነበራትም። ከቆመችበት ውድማ ሳትርቅ ገለባ ትበላ ጀመር። ጠዋት ገለባ፣ ቀትር ላይ ገለባ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅም ያው ገለባ። ገለባ ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ አካል አይሆንም። ጀርባዋ ሾለ፣ የጎድን አጥንቷ ተቆጠረ፣ ሆዷ ግን እንደ ተነፋ ስልቻ ወደ ታች ወረደ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን በውድማው የምታልፍ ቆቅ ቆም ብላ አየቻትና በሰላም ይገላግልሽ ብላ መርቃት ሄደች። እንኮዬ ፊቷን አዞረች። እሷና ዳለቻ ስምንት ክረምት ሙሉ ልጅ ተመኝተው ሳያገኙ ነው የተለያዩት። ቆቋ ይህን ከየት ታውቃለች? ያን ቀን እንኮዬ ገለባውንም ሳትነካው ዋለች።

በሳምንቱ ከሩቅ አገር የመጣች ፍየል አጠገቧ ቆመች። ፍየሏ ወሬ ብትወድም ክፉ አልነበረችም። ስንተኛ ወሯ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ መልስ ሳትጠብቅም ዙሪያዋን ዞራ አይታ፣ የሆዱ አወራረድ የወንድ ነው ብላ ፈረደች። እንኮዬ ደሟ ፈላ።

«አንቺ ፍየል፣» አለቻት፣ «ጅራትሽ የራስሽን ገመና መሸፈን አቅቶት ሽቅብ ተሰቅሏል፤ አንቺ የሌላውን ሆድ ትመረምሪያለሽ?»

ፍየሏ ክው አለች። ደግ የተናገረች መስሏት ነበር። ዐይኗ እንባ አቅርሮ፣ ጭራዋን ለማውረድ እየታገለች ሄደች። ንዴቱ ሲበርድላት እንኮዬን ዕፍረት ያዛት። ይቅርታ ልትላት ብትዞር ፍየሏ ጉብታውን አልፋለች።

ሦስተኛዋ መንገደኛ በቅሎ ነበረች። በቅሎ እንደምታውቁት አትወልድም። ይህችኛዋም የእንኮዬን ሆድ ስታይ ዐይኗን ስስት ሞላው፤ ፈጣሪ ለእኔ የነፈገኝን ላንቺ ሰጥቷልና በሰላም ይገላግልሽ አለቻት። እንኮዬ ፍየሏ ትዝ አለቻት። ይህችን ደግሞ በምን አንጀቷ ታስቀይማታለች? ዝም ብላም እንዳታልፋት ምርቃቱ ከልብ ነው።

«አሜን፣» አለች።

«አባቱስ የት አለ?»

«ሆራ ወርዷል።»

«እንግዲያው በቅርብ ይመለሳላ።»

«ይመለሳል፣» አለች እንኮዬ።

በቅሎዋ ሄደች። እንኮዬ ግን ከአፏ የወጣው ቃል ገርሟት ቆማ ቀረች። ውሸት እንደሆነ ታውቃለች። ነገር ግን ይህን ካለች ወዲህ ዳለቻ መንገድ ላይ ያለ፣ ጨው ልሶ አቧራ ለብሶ ወደ ቤቱ የሚመለስ መስሎ ታያት። ከመርዶው ቀን ጀምሮ እንዲህ ቀሏት አያውቅም። ከዚያ በኋላ መንገደኛ ሁሉ ሲመርቃት አሜን ትላለች፤ አባቱን ሲጠይቋትም ሆራ ወርዷል ትላለች። የሚያውቋት ጎረቤቶች ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። ሐዘንተኛን ማን ይገስጻል?

ሚያዝያ ገባ። በሚያዝያ ሣሩ ስለሚደርቅ እንስሳቱ ሁሉ ጨው ያምራቸዋል፤ ሆራ መውረድ የግድ ነው። መንገዱ በአንድ ጠባብ ሸለቆ ያልፋል። ሸለቆው ደግሞ የአያ ጅቦ ነው። ስለዚህ እንስሳቱ ከየአገሩ መጥተው በሸለቆው አፍ ይሰበሰቡና ጎህ ሲቀድ በአንድ ረድፍ ተከታትለው ያልፋሉ። ረድፉን የሚያስይዘው ሽማግሌው አያ በሬ ነው። ደንቡ ከአባቶቻቸው የመጣ ነው፤ በሁለት ቀንዳም በሬዎች መካከል ያለው አንድ ቦታ ላረገዘች ይሰጣል፣ ሌላው በዕጣው ይቆማል፣ የረድፉ ጭራ ደርሶት ለጅቡ የሚጋለጠውም ዕድሉን አያማርርም። ሆዷ ያልገፋን ሴት አርግዘሽ ይሆን ብሎ መጠየቅ በእነሱ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። እሷም ብትሆን ዐይን እንዳያገኛት እየፈራች ሆዷ እስኪገፋ ድረስ ትንፍሽ አትልም። አያ በሬ የሚያምነው ዐይኑን ብቻ ነው።

አያ በሬ እንኮዬን ባየ ጊዜ ምንም ሳይናገር በቀንዱ ወደ መሀል አመለከታት። እንኮዬ እግሯ ከበዳት። ለመንገደኛ አሜን ማለት አንድ ነገር ነው፣ የእርጉዝን ቦታ መያዝ ሌላ ነገር ነው። በዚህ መሀል ቀበሮ አጠገቧ ብቅ አለ። ቀበሮ ውድማው ላይ አይጥ እያደነ ይውል ስለነበር የሆዷን ምስጢር ያውቃል።

«እሜቴ እንኮዬ፣ ዝም ብለው ይግቡ እንጂ፣» አለ ድምፁን አለስልሶ። «እርስዎ መች አርግዣለሁ አሉ? ያዩት እነሱ ናቸው። ይህን ሁሉ ሐዘን የተሸከመች እናት አንድ ቀን መሀል ብትሄድ ማን ይጎዳል?»

ምክሩ ጣፈጣትና ገብታ ቆመች።

ቀበሮ ግን ለእሷ አዝኖ አልነበረም። የጭራው ዕጣ ዋዜማውን የወጣው ለቦሪት ነበር። ቦሪት ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ቀጭን ወጣት አህያ ናት። ቀበሮ ይህችን ቦሪት ከሣር ይልቅ የቀይ አፈር ጉብታ ስትልስ አይቷት፣ ይህስ አምሮት ነው ብሎ ጠርጥሯል። ጠርጥሮም አልቀረ፣ ሲሮጥ ወደ አያ ጅቦ ሄዶ ነበር። ፊት ፊት የሚመጡትን ተዋቸው፣ መጨረሻ ላይ የምትመጣው ቀጭኗ አህያ አርግዛለች፣ አንዷን ነክሰህ ሁለት ትበላለህ፤ ሆዷ በተነፋው አህያ ግን ጥርስህን አታድክም፣ እሷ ገለባ ናት ብሎ ነገረው። ለራሱ ጉበቱ ብቻ እንዲቀርለት ተስማማ። አሁን የቀረው አያ በሬ ለመሀሉ ቦታ ሌላ እርጉዝ እንዳይፈልግ ቦታውን በእንኮዬ መሙላት ነበር። እሱንም ፈጸመ።

ሰማዩ ገና ግራጫ ነው፤ ሸለቆውን ጉም ሞልቶታል። ሁሉም ጉዞው እስኪጀመር ሲጠብቅ ቦሪት ከኋላ ተነሥታ እየተሽኮረመመች ወደ እንኮዬ መጣች። አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«እትዬ፣ ሲንቀሳቀስ እንዴት ነው የሚታወቅዎ? የእኔ እስካሁን ዝም ብሏል። ምናልባት ክፉ ነገር ደርሶበት ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ለእናቴም አልነገርኩ። ለእርስዎ የነገርኩት እርስዎም ስላሉበት ነው።»

በእንኮዬ ሆድ ውስጥ ከገለባ በቀር ምንም ተንቀሳቅሶ አያውቅም። ስንት መንገደኛ በአሜን ሸኝታለች፤ ለዚህች ልጅ ግን የምትሰጣት መልስ የለም።

«ረድፍሽ የት ነው?» አለቻት በመጨረሻ።

«ጭራ ነኝ እትዬ። ዕጣ ነው፣ ምን ይደረጋል?»

እንኮዬ ወደ ጉሙ ተመለከተች። ከዚህ ቦታ ብትወጣ ጭራው የእሷ እንደሚሆን ገባት። ሞትስ ያስፈራል፤ ከሞት ይልቅ የከበዳት ግን ሌላ ነገር ነበር። አላረገዝኩም ካለች ሆራ የወረደም፣ የሚመለስም ባል የለም። በዚህ ሁሉ ፊት መናገር ዳለቻን በገዛ አፏ መቅበር ሆነባት። ቦሪት አጠገቧ ቆማ ትጠብቃለች። ሆዷ ገና ከጎድን አጥንቷ አልተለየም።

እንኮዬ ከሁለቱ በሬዎች መካከል ወጣች።

«አያ በሬ፣ ይህ ቦታ የእኔ አይደለም። አላረገዝኩም። የእኔ የገለባ ሆድ ነው። ባሌም ሆራ ወርዷል ስል የነበረው ውሸት ነው፤ ሞቷል።»

አንድ ወይፈን ከኋላ ሳቀ።

«ታዲያ ስንመርቅሽ አሜን ስትዪ የከረምሽው ለገለባው ነው?»

የሳቁ ብዙ ናቸው። እንኮዬ ጆሮዋ ወደቀ፤ ግን ንግግሯን አላቋረጠችም።

«ለገለባው ነው ወንድሜ። ምርቃታችሁን ግን በልቼ አላስቀረውም፣ ለሚገባት ይድረስላት። አያ በሬ፣ ጭራውን ለእኔ ይስጡኝ፤ እዚህ ቦሪት ትቁም።»

ወይፈኑ ቦሪት ደግሞ ምን ሆና ነው ሊል አፉን ሲከፍት አያ በሬ በቀንዱ ጎኑን ነካ አደረገው። ሽማግሌው ቦሪትን አየ፣ እንኮዬን አየ፣ አንድም ነገር አልጠየቀም። ቦሪት አንገቷን ደፍታ በሁለቱ በሬዎች መካከል ገባች።

ጉዞው ተጀመረ። እንኮዬ ከሁሉም ኋላ ነበረች፤ ሆዷም ስለከበዳት ከረድፉ ትንሽ ራቅ ብላ ቀረች። ሸለቆው አጋማሽ ላይ ስትደርስ ጉሙ ውስጥ ሁለት ዐይኖች አበሩ። አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ ከድንጋይ ሥር ብቅ አለ። ቀጭን ሲጠብቅ ወፍራም ሆድ ስላየ ግራ ገባው።

«አርግዘሻል?» አላት።

እንኮዬ በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ድካም ተሰምቷት አያውቅም። ውሸት መፈለጉ ራሱ ሰለቻት።

«አላረገዝኩም አያ ጅቦ። ገለባ ነው።»

«ቀበሮም ይህንኑ ብሎኛል፣» አለ አያ ጅቦ፣ በራሱ ብልህነት ተደስቶ። «በይ እለፊ፣ እለፊ። ሁለት በአንዴ የምበላባት ቀጭን ከኋላሽ እየመጣች ነው፤ መንገዱን ዘግተሽ እንዳታስደነግጪብኝ።»

እንኮዬ አለፈች። አያ ጅቦም ከድንጋዩ ሥር ተመልሶ አደባ። ጉሙ ተነሣ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ድንጋዩ ጋለ፤ ቀጭኗ የለችም። ቀበሮ ጉበቱን ሊቀበል ሲመጣ ያገኘው የራበውን ጅብ ነው። ረድፉ ሁሉ ማለፉን፣ የመጨረሻዋም ያቺ ባለ ገለባዋ መሆኗን ሊያስረዳው ሞከረ። አያ ጅቦ ግን የገባው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀበሮ አታሎታል። ቀበሮ ከሸለቆው የወጣው ከጅራቱ ግማሹን ትቶ ነው።

ከሆራው ዳር እንስሳቱ እየተጋፉ ጠጡ። ቦሪት ጥቂት ጎንጨት ብላ በድንገት ቆመች፣ ጆሮዋን ወደ ጎኗ አዘነበለች፣ ከዚያም ዐይኗ እንኮዬን ፈለገ።

እንኮዬም ለመጠጣት ጎንበስ ስትል ከማዶ አገር የመጣች አንዲት በግ አጠገቧ ደረሰች። የጠዋቱን ነገር አልሰማችም። ሆዷን አይታ ፈገግ አለችና በሰላም ይገላግልሽ እህቴ አለቻት።

እንኮዬ ቀና አለች። አልተቆጣችም፣ ዐይኗንም አልሰበረችም።

«አሜን እህቴ፣ ላረገዘችው ይድረስላት። የእኔ የገለባ ሆድ ነው። ዳለቻ የሚባል ባል ነበረኝ፣ ወደዚህ ሆራ ሲወርድ ደራሽ ውሃ ወሰደብኝ። ለእኔ ማሰብሽ ካልቀረ ለእሱ ነፍስ ይማር በዪልኝ።»

በጓ ደነገጠች። ነገር ግን የምትለውን ቃል እንኮዬ ራሷ ሰጥታት ነበርና መሬት መሬት እያየች አልሸሸችም። ነፍስ ይማር አለች። ከጎኗ የቆመው ያ ጠዋት የሳቀው ወይፈንም ሰምቶ ነፍስ ይማር አለ። ለዳለቻ ይህ ቃል በእንኮዬ ፊት ሲባል የመጀመሪያው ነበር፤ ኤሊ መርዶውን ካመጣች ወዲህ እስከዚያ ጠዋት ድረስ ሞቷል ብላ ለማንም ተናግራ አታውቅምና። እንኮዬም ከበጓ ጎን ሆና እስኪበቃት ጠጣች።

ከዚህ የምንማረው፣ ሳያውቅ ቁስላችንን የነካ እንግዳ ስድብም ውሸትም እንደማይገባውና በለሰለሰ አንደበት የተነገረ እውነት ተናጋሪውንም ሰሚውንም እንደሚያሳርፍ ነው፤ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ መንገድ ወጥተው ላልተመለሱት ነፍስ ይማር በሉ።