የጥንቃቄ ጉድለት

አንዲት የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ቆሻሻ ስትሰበስብ ከረጢቱ ውስጥ የተጣለ መርፌ ጣቷን ወጋት። ስድስት ወር ሙሉ ጓንት እንዲሰጣት ስትጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ «መጋዘን ውስጥ የለም» ነበር።

ሥራ አስኪያጁ አስጠሯት። በሕግ እንዳይጠየቁ፣ «አደጋው የደረሰብኝ በራሴ የጥንቃቄ ጉድለት ነው» የሚል ወረቀት አስጽፈው ጠበቋት። ጣቷ ገና ይደማ ነበር። ደሙን ሲያዩ መሳቢያቸውን ሳቡና አዲስ ጓንት አውጥተው በሁለቱም እጃቸው አጠለቁ፤ ከዚያ ወረቀቱን በጣታቸው ጫፍ አቀበሏት።

«ፈርሚ። ጥፋቱ ያንቺው ነው» አሏት።

«ልክ ብለዋል፣ የኔው ነው» አለች እስክሪብቶውን እያነሳች። «ስድስት ወር ሙሉ ጓንት የፈለግሁት ከመጋዘን ነው። ከእርስዎ መሳቢያ መፈለግ ነበረብኝ። ይቺን ቃል ወረቀቱ ላይ ያስጨምሩበትና እፈርማለሁ።»